ሦስት ሰዓት ወደኋላ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ላፕቶፕ ሰዓት ነው። ስለ ታናሽ እህታችን ነው ብንል የበለጠ እውነት ይሆን ነበር። ግን እሷው ራሷ «ስለ እኔ ከጻፋችሁ ስለ ሰዓቱም በደንብ ጻፉ፤ ሌላ ሰው እንዳይሸወድ» ብላ ስለፈቀደችልን ሁለቱንም እንጽፋለን።

ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነን። ያደግነው ካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እናትና አባታችን ገላን ጉራ ገቡ። እኛ ግን ሥራውም ትምህርቱም መሀል ከተማ ሆነብንና ቂርቆስ ውስጥ በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ተከራየን። የክፍሏ መስኮት ከጎረቤት ግንብ ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ በብርሃኑ መለየት አይቻልም፤ ውስጡ ሁሌም ያው ግራጫ ነው። ይህን የምንናገረው ለማማረር አይደለም፤ በኋላ ለሆነው ነገር አንዱ ሰበብ ስለሆነ ነው።

ላፕቶፓችን የሦስታችንም ነው፤ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ማብቃቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ወደ 11 ማሳደግ አሰብን፤ ግን ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፣ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የእኛ ስድስተኛ ትውልድ ነው። አዲስ መግዛት ደግሞ በዚህ ዘመን የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ከነባሩ ጎን ልንጭን ወሰንን። ማሽኑ ሲበራ «የትኛው ይነሳ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የፈለግነውን እንመርጣለን። እንደ አንድ ግቢ ሁለት ተከራይ ማለት ነው።

ጥፋታችን የጫንንበት ምሽት ነው። በማግስቱ እህታችን የውጭ ሀገር የማስተርስ ስኮላርሺፕ የኦንላይን ቃለ መጠይቅ ነበራት፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ስምንት ወር የጠበቀችው ነው። ትራንስክሪፕት ለማውጣት፣ ለማስተርጎም፣ ለማረጋገጥ ስትመላለስ አብረናት ነበርን። «ነገ ይሁን፣ ዛሬ አትንኩት» ብላ ነበር። እኛ ግን «ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ ደግሞ ካሜራው በአዲሱ ላይ የተሻለ ይሠራል» አልን። ታላቅ መሆን አንዳንዴ ሰው አለመስማት ይመስለናል።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጨረስን። ኡቡንቱ ተነሳ፣ በስልክ ኢንተርኔት ሰዓቱን አስተካከለ፣ ሁሉም ደህና። ካሜራው ግን ጭራሽ አልሠራም። አጥፍተን ወደ ዊንዶውስ ተመለስን። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔት ስናጋራበት የነበረው የእሷ ስልክም ባትሪው አልቆ ተዘጋ። በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት 8:04 ይል ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፈረንጅ 11 መሆን አለበት፤ 8 አይደለም። ግን ማናችንም አልደነገጥንም።

ለምን እንዳልደነገጥን ብዙ ጊዜ አስበንበታል። እኛ ቤት ሁለት ሰዓት ተመሳሳይ ቁጥር አሳይቶ አያውቅም። የእናታችን የግድግዳ ሰዓት በሐበሻ ነው፤ ስልኩ በፈረንጅ፤ የአንዳችን የእጅ ሰዓት በሐበሻ፤ ላፕቶፑ በፈረንጅ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ቁጥር አይተን ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ለምደናል፤ ሳናስበው ነው የምናደርገው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ከሌላው ጋር ካልተስማማ አእምሯችን «የፈረንጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በአንድ ሰዓት ብቻ የሚኖር ሰው የሦስት ሰዓት ስህተት ሲያይ ዓይኑን ያሻል። እኛ ዘንድ ግን የተሳሳተ ሰዓት መደበቂያ አለው።

እህታችን በላፕቶፑ ባትሪ እስከ እኩለ ሌሊት አነበበች። ሱብሒን አብረን ሰገድን። ወደ ንጋት መብራት መጣ፤ ላፕቶፑን ሰካች፣ የሞተውን ስልኳን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች። ብዙ የሞቱ ስልኮች ቻርጅ ስለተደረጉ ብቻ በራሳቸው እንደማይበሩ ታውቃላችሁ፤ እንቅልፍ ግን ያስረሳል። «ትንሽ ልተኛ፤ ለ3 ሰዓት አላርም ላፕቶፑ ላይ ሞልቻለሁ» አለችን። ከዚያ ተነስታ ካዛንቺስ አካባቢ ወዳለ የጓደኛዋ ቢሮ ልትሄድና በእነሱ ዋይፋይ ልትገባ ነበር ዕቅዱ። እኛም አምነን ወደ ሥራችን ወጣን።

4 ሰዓት ካለፈ በኋላ እናታችን ደወለች። «ልጄ ስልኳ አይሠራም፤ ዱዓ ላደርግላት ብዬ ነበር። ገብታለች?» አለች። «አዎ እማዬ፣ ገብታ ይሆናል፤ ለዚያ ነው የዘጋችው» አልናት። ወላሂ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬም ሲታወሰን የሚቆረቁረን ይቺ መልስ ናት።

አላርሙ ጮኸ። እህታችን ተነሳች፤ ላፕቶፑ ልክ 9:00 ይላል፣ ማለትም 3 ሰዓት። ደስ ብሏት ውዱእ አደረገች፣ ሌሊት የተኮሰችውን ሒጃብ ለበሰች፣ ወረቀቶቿን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። በሩን ልትከፍት ስትል አዛን ሰማች። ቆም አለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ የምን አዛን ነው? ወደ ውጭ ወጥታ ቀና ስትል ፀሐይ አናቷ ላይ ነበረች። የዙህር አዛን ነበር።

ማታ ስንገባ አልጮኸችብንም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። ላፕቶፑን አዙራ አሳየችንና «ሰዓቱን ማን ነካው?» ብቻ አለች። ማንም አልነካውም ነበር፤ ማንም አልነካውም ማለት ግን አልቻልንም።

በዚያው ዕለት ኢሜይል ጽፋ ሁሉንም እንደሆነው አስረዳች። ከሁለት ቀን በኋላ የዚህ ዙር ቃለ መጠይቅ መጠናቀቁንና በሚቀጥለው ዙር ማመልከት እንደምትችል የሚገልጽ አጭርና ትሑት መልስ መጣ። «ቀደር ነው፣ ኸይር ይሆናል» ብለን ልናጽናናት ሞከርን። «ቀደር መሆኑን እኔም አምናለሁ። እናንተ ግን በቀደር አትሸፈኑ፤ ሰዓቱ ምን እንደሆነ አጣርታችሁ ንገሩኝ» አለችን። ልክ ነበረች። እናም ማጣራት ጀመርን።

መጀመሪያ የተጠረጠረችው ባትሪዋ ናት። ኮምፒውተር ሲጠፋም ሰዓቱን የሚቆጥርለት ትንሽ ሰዓት ቦርዱ ላይ አለ፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትንቀጠቀጥ የኳርትዝ ቁራጭ ትነዳዋለች። ጉልበቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ከምትባል ሳንቲም ከምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። የወሰድንለት ጥገና ባለሙያ ሳይከፍተው «ባትሪዋ ሞታለች ወንድሞች» አለ፤ ቀየርናት። ሰዓቱ ለአንድ ቀን ተስተካከለ። ኡቡንቱን ከፍተን ወደ ዊንዶውስ ስንመለስ ግን ያው ሦስት ሰዓት ወደኋላ።

እዚህ ላይ ቀድመን ማሰብ ነበረብን። ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ይዘገያል፣ ወይ ይቆማል፣ ወይ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ድረ ገጾች «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ መከፈት እምቢ ይላሉ፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የደከመ ባትሪ ግን ሁልጊዜ ልክ ሦስት ሰዓት ቆጥሮ አይሳሳትም። ደቂቃው ሳይዛነፍ ሰዓቱ ብቻ ሲዛነፍ፣ ያ ድካም ሳይሆን ስሌት ነው።

ሁለተኛ የሰዓት ቀጠናውን ጠረጠርን። ዊንዶውስ ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ምርጫ ብትፈልጉ አታገኙም፤ የእኛ ቀጠና «ናይሮቢ» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ወደፊት። የሊኑክሱ ዝርዝር አዲስ አበባን በስሟ ያውቃታል፤ ውስጡ ሲታይ ግን እሷንም ወደ ናይሮቢ ነው የሚመራት። (በነገራችን ላይ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ በፈረንጅ 7 ሰዓት ጠዋት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ናይሮቢ መባሉ ብዙ አይከፋም።) የእኛ ላፕቶፕ በሁለቱም ሥርዓት ቀጠናው ትክክል ነበር።

ግን ያ የ3 ቁጥር እዚያ ተቀምጦ ነበር። ስህተታችን ሦስት ሰዓት፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለን ርቀትም ሦስት ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች የሚያነቡት ያንኑ ቦርዱ ላይ ያለውን አንድ ሰዓት ነው። ዊንዶውስ እዚያ የሚያስቀምጠው የሀገሩን ሰዓት ነው፤ የድሮው የግል ኮምፒውተር ልማድ እንደዚያ ስለነበር። ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ያስቀምጥና ለእናንተ ሲያሳይ ሦስቱን ይደምራል። ያን ምሽት 5 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ 11፣ ኡቡንቱ ኢንተርኔት አግኝቶ ቦርዱ ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ለእሱ ልክ ነው። ዊንዶውስ ተነሳና 8 የሚለውን አነበበ፤ «የአዲስ አበባ ሰዓት ነው» ብሎ እንዳለ አሳየን። ለእሱም ልክ ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ጠይቆ ሊያርም ይችል ነበር፤ ስልኩ ግን ሞቷል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንድ ማስታወሻ ላይ ሁለት ሰው በየቋንቋው የጻፈበት ሆነ፤ ሳንነግራቸው ያገናኘናቸው እኛ ነን።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዊንዶውስን በሬጅስትሪው በኩል «ቦርዱ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው» ማለት፤ ወይ ሊኑክስን በአንድ መስመር ትዕዛዝ «የሀገሩን ሰዓት ተጠቀም» ማለት። የኋለኛውን ስትጽፉ ሊኑክስ ያስጠነቅቃችኋል፤ በበጋና በክረምት ሰዓት የሚቀያይሩ ሀገሮች ላይ ችግር ያመጣልና። እኛ ሀገር ግን ሰዓት ወዲያና ወዲህ አይደረግም። ስለዚህ ቀላሉን መረጥን፤ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለት ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ቅንብሩን ከፍተን «አሁን አስተካክል» የሚለውን ተጫንን። ከዚያ ወዲህ አልተዛነፈም፣ አልሐምዱሊላህ። ላፕቶፑን ወደ ሌላ ሀገር ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል።

እህታችን ይህን ስንነግራት ዝም ብላ ሰማችና «ስድስት ሰዓት ቢሳሳትስ?» አለች። ስድስት ከሆነ ማሽኑ አይደለም፣ እኛ ነን፤ ወይ አንዱ ሰው ላፕቶፑን በሐበሻ ሞልቶታል፣ ወይ የተላከልን «10:00» የጠዋቱ 4 መሆኑን ትተን የቀኑ 10 ብለን አንብበነዋል። በሐበሻ የተሞላ ላፕቶፕ ደግሞ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ብዙ ነገር ያበላሻል፤ ለምሳሌ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች የሚሰሉት ከሰዓቱ ስለሆነ አይቀበሏችሁም። የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ከላይ ጨምሩበት እንጂ ውስጡን አትንኩት።

አንድ ነገር ግን ሳናነሳ ማለፍ አልቻልንም። ይህን «3» ስንከታተል የዓለም ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የሰዓት ቀጠናዎች መዝገብ ውስጥ ገባን። በመዝገቡ ጥንታዊ ክፍል የአዲስ አበባ ሰዓት 3 አልነበረም፤ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ወደ ድፍን 3 የተቀየረበት ቀን ደግሞ በእኛ ሲሰላ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ቀኑን ልብ አላችሁ? የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። የሰፈራችን ስምም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» የተባሉት ቤቶች ስም በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ቤቶቹ አልፈዋል፣ እኛም ተነስተናል፤ ስሙና ሦስቷ ሰዓት ግን ቀርተዋል።

ይህ ደግሞ ከዙህር ጋር ይገናኛል። የፀሐይዋ ሰዓት አሁንም ያው የድሮው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው የሚሆነው፣ ድፍን 6 ላይ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በጥቅምት መጨረሻ 6:09 አካባቢ ይደርስና በየካቲት መጀመሪያ 6:39 አካባቢ ይሄዳል። የሶላት ሰዓት ሰሌዳ ላይ ዙህር ለምን ወዲያና ወዲህ እንደሚል ጠይቃችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። መካ ከእኛ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ብቻ ስለሆነች እዚያ እኩለ ቀን የሚሆነው ከእኛ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። እህታችን አላርሙ በእውነተኛው 6 ሰዓት ጮኾባት ከ10 ደቂቃ በኋላ አዛን የሰማችው ወሩ ኅዳር ስለነበረ ነው። በየካቲት ቢሆን ኖሮ ካዛንቺስ ደርሳ፣ የጓደኛዋ ቢሮ በር ላይ ቆማ ነበር የምትሰማው።

ይህን ነገር በጉጉት ስናስረዳት «አሁን ገባኝ» አለችና ትንሽ ፈገግ አለች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ባለፈው እሑድ እናታችን ከገላን ጉራ መጣች፤ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስትፈታው ያ ካዛንቺስ ቤታችን ሳሎን የነበረው የግድግዳ ሰዓት ነው። «እኔ እዚያ አዛን እሰማለሁ፤ እናንተ ያዙት» አለች። ሚስማር መትተን ከእህታችን አልጋ ፊት ለፊት ሰቀልነው። ከስልካችን ጋር ስናስተያየው ሦስት ደቂቃ ይቀድማል። ልናስተካክለው እጃችንን ስንዘረጋ እህታችን ከመጋረጃው ጀርባ «እንዳትነኩት!» አለች።

አልነካነውም። የአዲሱ ዙር ማመልከቻ ጥር ላይ ተከፍቷል። ፎርሙ የሰዓት ቀጠናዋን ሲጠይቃት ናይሮቢ የሚለውን ራሷ መርጣ ሞላች፤ ከሥሩ በእርሳስ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጽፋ ሰዓቱ አጠገብ ለጥፋዋለች፦ የሐበሻው፣ የፈረንጁ፣ የዓለም አቀፉ። ላፕቶፑ ደግሞ ከማታው 2 ሰዓት በኋላ የእሷ ብቻ ነው።